ከቀኝ ወንበር ሥር ያለው ውሃ

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት መኪናዋን ስከፍት ያው ሽታ... የረጠበ ካልሲ። በቀኝ በኩል፣ ከፊት ወንበሩ ሥር፣ ምንጣፉን ስረግጠው ጭቅ አለ። ገና የክረምቱ መጀመሪያ ነው። ይህቺ አሮጊት እስከ ነሐሴ ልታሰጥመኝ ነው።

ትናንት ማታ የአንዲት ደንበኛ መጋረጃ ወለሉ ላይ ረስቼ ነበር። ጫፉ ርሶ ቢጫ ነገር ይዞታል። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጠርዙን እንደገና ልሰፋ ነው። የሙሉ ቀን ሥራዬን ውሃ በላው።

ሱቅ ውስጥ አብራኝ የምትሰፋው ቀጮ ስትስቅብኝ ዋለች። «መኪና ነው ጀልባ የምትነጂው?» የአባቴ ነው አልኳት። ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ሰጠኝ። ከነውሃው።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ያው መልስ። «ያ ሰውዬ ነው። መስታወቱን አበላሽቶ ገጥሞት።» ስሙን አይጠራም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ያ ሰውዬ»።

ሰኔ 19

«ያ ሰውዬ» የሚላቸው ጋሽ መስታወት ናቸው። በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። የመኪና መስታወት ገጣሚ ናቸው። ከአባዬ ጋር ሠላሳ ዓመት እንደ ወንድማማች ኖረዋል። ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባዬ ትዕግሥት የለውማ።

ከዚያ አንድ ቀን ድንጋይ ተፈናጥሮ የፊት መስታወቱን ሰነጠቀው። ጋሽ መስታወት ቀየሩት። በበጋ ነበር። ክረምት ሲገባ መኪናው ውስጥ ውሃ ተገኘ። አባዬ ሱቃቸው ድረስ ሄዶ፣ በሠራተኛና በደንበኛ ፊት፣ «እጅህ ሞቷል፣ ሥራውን ተወው» አላቸው። እሳቸውም «የኔ መስታወት አያፈስም» አሉ። በቃ። በዚያው ተቆራረጡ።

የባሰው ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የጋሽ መስታወት ባለቤት ሲሞቱ አባዬ አልሄደም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብቻዬን ሄድኩ። «አባትሽስ?» ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ሁሉ በመስታወቱ ምክንያት። መስታወቱ ካልሆነስ?

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ሱቅ አልገባሁም። እጅጌዬን ሰብስቤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ዘንድሮ ወይ እሷ ወይ እኔ።

አባዬ ወንበር አስወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። አሁን የሚለየው ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። ማዘዙ ግን አልቀነሰም። ዕድሜ ልኩን የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የሠራው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የቱ ጋ እንደሚያፈስ በጆሮው ሲፈልግ። የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ፣ ጫፉን ጆሮው ላይ አድርጎ። የሥራ ጓደኞቹ «ጆሮው» ነበር የሚሉት። እሱ ቆፍሩ ባለበት ተቆፍሮ ውሃ ያልተገኘበት ቀን የለም... ይላል ራሱ። ሌሎችም ይላሉ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«መጀመሪያ አድርቂ» አለኝ። «እርጥብ ነገር ላይ አዲስ እርጥበት አይታይሽም።»

ወንበሩን ፈታሁ። አራት ብሎን። አንዱ ዝጎ አልፈታ ሲለኝ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩበት። «ልጄ፣ ጎረቤት አለ» አለ አባዬ። ምንጣፉን ገለጥኩ። ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ስጨምቀው አንድ ባልዲ ሞላ። አንድ የፀጉር መርፌ፣ አንድ የዛገ ቁልፍ፣ የእናቴ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ። ጨርቁን ለአባዬ አላሳየሁትም። እሷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ባልነካካው ይሻላል።

ወለሉን አድርቄ መኪናዋን ላስቲክ አለበስኳት። ወገቤ...

ሰኔ 24

ስፖንጁ አሁንም አልደረቀም። ሱቅ ወስጄ በልብስ መተኮሻው አጠገብ ሰቀልኩት። ቀጮ አፍንጫዋን ይዛ ዋለች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፈተናው። ደረቁ ወለል ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። አባዬ ረጅሙን ካቻቢቴ ይዞ ኋላ ወንበር ገባ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ። እኔ ውጭ፣ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዤ።

«ከታች ጀምሪ። ከላይ ከጀመርሽ ሁሉም ይርስና የቱ እንዳስገባ አታውቂም።»

የበሩ ሥር አሥር ደቂቃ። ደረቅ። የበሩ ዙሪያ አሥር ደቂቃ። ደረቅ። ከዚያ መስታወቱ። «ከመስታወቱ በታች ያለውን በላስቲክ ሸፍኚው፣ እንዳይደባለቅብን። መስታወቱ ብቻውን ይፈተን» አለ። እንዲህ ሲሠራ ደስ ይለኛል። ዓይን እንዳለው ሰው ነው የሚያዘኝ።

ሸፈንኩ፣ አጣበቅኩ። በመስታወቱ ጎማ ዙሪያ ሃያ ደቂቃ ውሃ ለቀቅኩ። እጄ ዛለ። በመስኮቱ ሳየው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መጀመሪያ ፊቱ ላይ «ቆይ አሳይሻለሁ» የሚል ነገር ነበር። ቀስ በቀስ ጠፋ። ገብቼ ጋዜጣውን ዳሰስኩ። ደረቅ! አንድ ጠብታ የለም።

«አባዬ፣ መስታወቱ አይደለም።»

ካቻቢቴውን ከጆሮው አወረደ።

«ከሥሩ የሸፈንነውንስ? ላስቲኩን ላንሳና ልሞክረው?»

«ይበቃል።»

«አንድ እኮ ነው የቀረን።»

«ይበቃል አልኩ! ብርድ ገባኝ።»

ብርድ አልነበረም። ክንዱን ይዤ ሳስወጣው ካቻቢቴውን አልለቅም አለ። ፈርቷል። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

ሰኔ 29

ቁርስ ላይ አላናገረኝም። ምሳ ላይ፣ «መስታወቱን ዙሪያውን ሲሊኮን ቀቢው» አለ። አይረባም። ቀባሁት፣ ለሱ ስል። ወንበሩንም መልሼ አሰርኩ።

ሐምሌ 1

ቀን ላይ ዘነበ። ጋዜጣው ርሷል። አባዬ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። «ሲሊኮኑ ርካሽ ይሆናል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐምሌ 3

ጋሽ መስታወት ጋ ሄድኩ። ለአባዬ አልነገርኩም። በአርባ አንድ ዓመቴ ከአባቴ ተደብቄ... ለወንድ ጓደኛ እንኳ እንዲህ ተደብቄ አላውቅም።

ሱቃቸው ያው ነው። መስታወቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው ግን ቀጥነዋል፣ የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። ሲያዩኝ፣ «ውይ! ትልቅ ሴት ሆነሻል!» አሉ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ሲያዩኝም ትልቅ ነበርኩ፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ናፍቆኝ ኖሯል። የውሃውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው፤ የአባዬን ዓይን ግን አላነሳሁም። ወጥተው መኪናዋን ዞሯት፣ እጃቸውን ኋላ አጣምረው። አልነኳትም።

«አባትሽ ሳይጠራኝ አልነካትም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያኔ መስታወቱን ስገጥም ከሥሩ ያለውን የዝናብ መውረጃ በጣቴ ፈትሻለሁ። ቀኙም ግራውም ክፍት ነበር። ይህንኑ ያን ዕለት ልነግረው ነበር። አላስጨረሰኝም።»

«አሁንም ተቀይመውታል?»

ጨርቅ አነሱና የጸዳ መስታወት መልሰው ጠረጉ። «በመስታወቱ? እሱን ረስቼዋለሁ።»

ያልረሱት ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቀዋለሁ። ስወጣ «ሰላም በይው» አላሉኝም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።

ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ወንፊት የመሰለ ክዳን አለ። አነሳሁት። ለካ ከሥሩ ገንዳ ነው! ዝናቡ ከመስታወቱ ወርዶ እዚህ ይገባል፣ ከዚህ ደግሞ በግራና በቀኝ በጎማ ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። መውረድ አለበት። ግቢያችን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ስለዚህ ውሃው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቀኙ ነው። ቀኙ ላይ ደግሞ ውሃው ቆሟል። ሲሞላ አየር በሚስበው ማራገቢያ አፍ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ቀጥ ብሎ ከቀኝ ወንበር ሥር። ይኸው ነው! ስድስት ዓመት የተጣሉበት ይኸው ነው።

ቅጠል ዘግቶት ነው ብዬ ሽቦ ሰደድኩ። አልሄድ አለ። ከፊት ጎማው ኋላ በጀርባዬ ተኝቼ የእጅ ባትሪ አበራሁ። የቱቦው ጫፍ ተደፍኗል። በቅጠል አይደለም። ቧንቧ ሲገጠም ጥርሱ ላይ በሚጠመጠመው ክር። በነጭ ቅባት ተለውሶ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ፣ ጫፉ ሁለቴ ተቋጥሮ።

ያንን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ቤታችን ያለ ቧንቧ ሁሉ ላይ አለ። ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ክሩን ጠምጥሞ ይቆርጣል። እንደዚህ የሚቋጥር አባቴ ብቻ ነው።

እዚያው ጭቃው ላይ ተኝቼ ቀረሁ። ከዝናብ በኋላ ከመኪናው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አይቶ ነዋ። አባዬ የሚንጠባጠብ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ቧንቧ ያጠብቃል። ደፈነው። ደፍኖም ረሳው፣ አንድ ሰው ያከከውን ቦታ ያስታውሳል እንዴ? ከዚያ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ገባ። እሱ ደግሞ ሄዶ ሰው ሰደበ።

ስነቅለው ውሃው ከነቅጠሉ ከነጭቃው ፊቴ ላይ ተደፋ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባዬ ከደጃፍ።

«ምንም። ቅጠል ነው።»

«ቅጠል?»

«አዎ፣ ቅጠል ዘግቶት ነው።»

አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ሐምሌ 6

ክሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከመርፌዎቹ ጋር። ልጥለው አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ብነግረው ምን ይተርፈዋል? ዓይኑ ሄዷል። ሥራው ሄዷል። የቀረችው «አንድም ቀን አልተሳሳትኩም» የምትለዋ ናት። ባልነግረውስ? ጋሽ መስታወት እዚያ ሱቃቸው ውስጥ፣ እሱ እዚህ፣ ሁለቱም እስኪያልፉ ድረስ... ቅጠል ማንንም ከማንም አያስታርቅም።

ቀጮን አማከርኳት። «አባቴ ቢሆን ነግሬው ሌላ አገር እሄድ ነበር» አለች። ምክር ነው ይሄ?

ሐምሌ 10

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ወለሉ ደረቅ። ሽታው እየለቀቀ ነው። መጋረጃ ወለል ላይ አስቀምጬ ነዳሁ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አባዬ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ወለሉን ይዳስሳል። «ስድስት ዓመት የገባ ውሃ በቅጠል? ምን ዓይነት ቅጠል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ብዙ ቅጠል» እላለሁ። አቤት፣ ውሸት አይመቸኝም!

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መኪናዋን ዛሬ ቤት ትቻት ነው የሄድኩት። አባዬ ከፊት ጎማው አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበርክኳል። የመሣሪያ ሣጥኑ ተከፍቷል። አዲስ ክር ጣቱ ላይ ጠምጥሟል።

«አገኘሁት! ነይ! ነይ ስሚ፣ እዚህ ጋ ያፈሳል!»

ፊቱ በርቷል። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ውሃው ከቱቦው ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ልክ እንደሚገባው።

«አባዬ፣ ተወው። እዚያ ጋ መፍሰስ አለበት።»

«ምን ማለትሽ ነው? የምን መፍሰስ አለበት? አንድ ጊዜ ልጠምጥመው፣ ከዚህ በኋላ...»

አንጀቴን በላው። ደሜም ፈላ። ሮጬ ገብቼ ክሩን ከመሳቢያው አመጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አውራ ጣቱ ቋጠሮውን አገኘው። አለፈውና ተመለሰበት።

«የኔ ነው» አለ። «የት ነበር?»

«እዚሁ። አሁን ልትደፍነው ያልከው ቦታ። የዝናቡ መውረጃ ነው፣ አባዬ። መውጫ ሲያጣ ነው ወደ ውስጥ የገባው።»

«መቼ ነቀልሽው?»

«ከዘጠኝ ቀን በፊት።»

«ቅጠል ነው አልሽኝ።»

«ዋሸሁህ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። ጉልበቱ ጭቃው ላይ፣ ክሩ እጁ ላይ። «የሱ ሚስት ስትቀበር እኔ እቤት ተቀምጬ ነበር» አለ። «ሬዲዮ እየሰማሁ።»

ደግፌ አስነሳሁት። ሱሪውን እኔ አጠብኩለት።

ሐምሌ 15

አልበላም። ልለምነው ገባሁ፤ «ተዪኝ ልጄ» አለኝ። ተውኩት።

ሐምሌ 16

ሾርባ ጠጣ። «ያን ቀን፣ መስታወቱን ስትፈትኚው፣ ሰምቼው ነበር» አለኝ። «ብረቱ ጭጭ አለ። እሱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅኩ።» እኔም ያን ዕለት ፊቱን አይቼ ማወቄን አልነገርኩትም።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ጠዋት ጺሜን ላጪኝ አለ። ላጨሁት። ኮቱን ለበሰ። «ሱቁ ውሰጂኝ።»

መንገድ ላይ፣ «ሠራተኛ ይኖራል? ደንበኛስ?» ይለኛል ደጋግሞ። የሰደበው በሰው ፊት ነዋ፣ ይቅርታውንም በሰው ፊት ሊለው ፈልጎ ነው።

አንድ የጎን መስታወት ሊያስቀይር የመጣ ምስኪን ሰውዬ ብቻ ነበር። አባዬ ገባና በመሥሪያ ቤት ድምፁ ጮክ ብሎ፣ «የዛሬ ስድስት ዓመት እዚህ ቆሜ የዚህ ሰው እጅ ሞቷል ብያለሁ። ውሸት ነው። የውሃውን መውጫ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም እወቁት!» አለ። ፊቱን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙሮ ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ ዞር ዞር ብሎ አየና «እሺ ጌታዬ» አለ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ጋሽ መስታወትን አየኋቸው። መሣሪያቸውን አስቀምጠው ቀረቡ። እጃቸውን በአባዬ ፊት ቀስ ብለው አወዛወዙ።

«ዓይንህ...»

«ሄዷል።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ለማን ይነገራል?» አለ አባዬ።

ከዚያ ጋሽ መስታወት፣ «የመስታወቱን ይቅር ብያለሁ። ድሮ ነው የተውኩት» አሉ። አባዬ የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ቆሞ ጠበቀ። «ሌላውን ሱቅ ውስጥ አላወራም» አሉና ወደ ሰውየው መስታወት ተመለሱ።

ስንመለስ አባዬ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ልክ ነው።»

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ከሰዓት በኋላ በዝናብ ሄድን፣ እቤታቸው። አልደወልንም። «ብንደውል አትምጡ ይላል» አለ አባዬ። ከመኪናው ሲወርድ ጃንጥላ ዘረጋሁለት፤ በእጁ ገፋው።

በሩን ጋሽ መስታወት ራሳቸው ከፈቱ። የቤት ሹራብ ለብሰዋል፣ አንድ እጅጌው ተተርትሯል። የሚሰፋላቸው የለም አልኩ በሆዴ። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ መላጣው ላይ ይወርዳል።

«ላለቅስ ነው የመጣሁት» አለ። «ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ።»

ጋሽ መስታወት ግባ አላሉትም። በሩን እንደያዙ ቆሙ።

«ያን ዕለት እዚህ ቦታ ነበር የቆምኩት» አሉ። «መኪና በሰማሁ ቁጥር እወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ጊዜው ሄደ፣ እንነሳ ይለኛል። ቆይ፣ እሱ ሳይመጣ አልኩ። ሳጥኑ ሊወጣ ሲል እንኳ አንዴ ቆዩ ብዬ አስቆምኳቸው። እንዴት አትመጣም? እኔ እኮ ጠበቅኩህ!»

«ይኸው መጣሁ» አለ አባዬ።

ከዚያ አለቀሰ። ለእናቴ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሰም። ድምፁን አውጥቶ፣ ባርኔጣውን ጨብጦ። ጋሽ መስታወትም ያዙት፣ ወይ ተደገፉት፣ አልለየሁም። ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ሲላቀሱ እኔ ከኋላቸው ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። እኔም እንባዬ መጣ።

በመጨረሻ ጋሽ መስታወት ክንዱን ያዙት። «ደረጃ አለ። አንድ... ሁለት። ደረስክ።» ገቡ። በሩ ተዘጋ።

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አንዴ በመስኮቱ የአባዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዴ የሳቸው። አንዴ የሁለቱም፣ ሲጨቃጨቁ። ዝናቡ አባራ። ማንም ነይ ግቢ ያለኝ የለም።

ረስተውኛል። ይርሱኝ።